በሽንፈት የሚያስተምሩ ጨዋታዎች፦ አስቸጋሪ የቪዲዮ ጌሞች ለምን ይወደዳሉ?

ሰው በተፈጥሮው መሸነፍን አይወድም። በሥራም ኾነ በትምህርት፣ በሜዳም ኾነ በችሎት ሽንፈት እንዳይገጥመው ይጠነቀቃል። ይሁን እንጂ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው፣ የእረፍት ጊዜያቸውንም ሰውተው፣ ደጋግሞ የሚያሸንፋቸውን የቪዲዮ ጨዋታ ይገዛሉ። እ.አ.አ በየካቲት 2022 ለገበያ የቀረበው “ኤልደን ሪንግ” የተሰኘው የጃፓን ጨዋታ ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሰራጭቷል። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይም በዘርፉ ታላቅ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱ በኾነው “ዘ ጌም አዋርድስ” የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሏል። ጨዋታው ግን ለጀማሪ አይራራም። አንድ አዲስ ተጫዋች ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደጋግሞ መሞቱ የተለመደ ነው።

ለመኾኑ ሰው የሚያደክመውን፣ አልፎ አልፎም የሚያበሳጨውን ነገር ስለምን መዝናኛ ያደርገዋል? አስቸጋሪነቱስ የጨዋታው ነፍስ ነው ወይስ ብዙዎችን ከደጅ የሚመልስ አጥር? ጥያቄው ከተጫዋቾች ወግ አልፎ የጨዋታ ሠሪዎችን እና አካል ጉዳተኛ ተጫዋቾችን የሚያከራክር ኾኗል።

ከሳንቲም የጀመረ ፈተና

የድርጊት ጨዋታ የሚባለው የእጅ ፍጥነትን እና የዓይን ንቃትን የሚፈትነው ዓይነት ነው። መምታት፣ መመከት፣ መዝለል እና ማምለጥ በቅጽበት ይከናወኑበታል። የሚና ጨዋታ ደግሞ ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ልምድ የሚያካብትበት፣ ትጥቅ እና ችሎታ የሚያሳድግበት፣ ረጅም ታሪክ የሚከተልበት ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ እጅም አእምሮም እኩል የሚደክሙበት ዘርፍ ይፈጠራል።

አስቸጋሪነት ለቪዲዮ ጨዋታ አዲስ ነገር አይደለም። እ.አ.አ በ1978 የወጣው “ስፔስ ኢንቬደርስ” እና በ1980 የተከተለው “ፓክማን” በሕዝብ መዝናኛ ቦታዎች በሳንቲም የሚሠሩ ነበሩ። ተጫዋቹ ቶሎ ከተሸነፈ ሌላ ሳንቲም ይጨምራል፤ የማሽኑ ማሸነፍ ለባለቤቱ ገቢ ነበር። በኢትዮጵያ ከተሞች በሚገኙ የፕሌይስቴሽን ማጫወቻ ቤቶች የእግር ኳስ ጌም በግጥሚያ እየተቆጠረ ሲከፈልበት የሚታየው ስሌትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ግጥሚያው ቶሎ ሲያልቅ ወረፋው ይንቀሳቀሳል።

መጫወቻው ወደ ቤት ሲገባ ግን ስሌቱ ተለወጠ። ሙሉ ዋጋውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው ታሪኩን እስከ ፍጻሜው እንዲያይ ተፈለገ። በመኾኑም በ2000ዎቹ የወጡ ብዙ ታላላቅ ጨዋታዎች መንገድ የሚጠቁም ቀስት፣ ቆም ሲሉ በራሱ የሚያገግም የጤና መጠን እና በየጥቂት እርምጃው የደረሱበትን የሚመዘግብ ሥርዓት ይዘው ቀረቡ። ተጫዋቹ መሳሳቱ አልቀረም፤ ስሕተቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን እጅግ አነሰ።

አካሄዱን የቀየረው ሰው

ይህን ልማድ የሰበረው እ.አ.አ በ1986 በቶኪዮ የተመሠረተው ፍሮምሶፍትዌር ነው። ኩባንያው ሥራ የጀመረው ለቢሮ አገልግሎት የሚውሉ ሶፍትዌሮችን በማዘጋጀት ነበር። ዛሬ ስማቸው ከኩባንያው ጋር ተያይዞ የሚነሣው ሂዴታካ ሚያዛኪ በ2004 ሲቀጠሩም የጨዋታ ሥራ ልምድ አልነበራቸውም፤ ቀደም ሲል ኦራክል በተሰኘው የሶፍትዌር ኩባንያ ይሠሩ ነበር።

ሚያዛኪ መጽሐፍ እንደ ልብ መግዛት በማይችል ቤተሰብ ውስጥ ማደጋቸውን ተናግረዋል። ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሱ ከዕድሜያቸው በላይ የኾኑ መጻሕፍትን ያነቡ ነበር፤ ያልገባቸውን ክፍል ሥዕሎቹን እያዩ በምናባቸው ይሞሉት ነበር። የጨዋታዎቻቸው አተራረክ ይህን የልጅነት ልማድ ያስታውሳል። ታሪኩ ተዘርዝሮ አይነገርም፤ ተጫዋቹ ከፍርስራሾች፣ ከዕቃዎች መግለጫ እና ከአላፊ አግዳሚ ንግግር እየለቀመ ይገጣጥመዋል።

በእርሳቸው መሪነት የተሠራው “ዲመንስ ሶልስ” በየካቲት 2009 በጃፓን ሲወጣ በመግቢያው ላይ ተጫዋቹን እንዲጥለው የተዘጋጀ ግዙፍ ጭራቅ አቁሞ ነበር። በጊዜው በሶኒ ኩባንያ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ሹሄይ ዮሺዳ ጨዋታውን አስቀድመው ሞክረው እንዳልወደዱት፣ ኩባንያቸውም ለምዕራቡ ገበያ ራሱ ሳያሳትመው መቅረቱ ስሕተት እንደነበር በኋላ በይፋ ተናግረዋል። ጨዋታው ግን ከተጫዋች ወደ ተጫዋች በሚተላለፍ ወሬ ተስፋፋ። በ2011 “ዳርክ ሶልስ”፣ በ2015 “ብለድቦርን”፣ በ2019 “ሴኪሮ” ተከተሉ። ሌሎች ሠሪዎችም ፈለጉን በመከተላቸው “ሶልስላይክ” የሚባል ራሱን የቻለ ዘርፍ ተፈጠረ።

የአስቸጋሪነቱ ምሥጢር

እነዚህ ጨዋታዎች የሚያስቸግሩት ጠላት ስለበረታ ብቻ አይደለም። ብርታቱን ብቻ መጨመር ቀላል ነው፤ የጠላትን የጤና መጠን በእጥፍ ማሳደግ ይበቃል። ልዩ የሚያደርጋቸው እርስ በርስ የተሳሰሩ ጥቂት ደንቦቻቸው ናቸው።

የመጀመሪያው የጉልበት ልክ ነው። ሰይፍ መሰንዘርም፣ በጋሻ መመከትም፣ ተንከባሎ ማምለጥም ከአንድ የጉልበት ቋት ይቀነሳሉ። ተጫዋቹ ስግብግብ ኾኖ አንድ ምት ከጨመረ ለመሸሽ የሚበቃ ጉልበት አይቀረውም። ሁለተኛው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የማይመለስ መኾኑ ነው። የተሰነዘረ ሰይፍ እስከሚወርድ ድረስ ሐሳብን መለወጥ አይቻልም። በአንጻሩ ጠላትም ከመምታቱ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ ትከሻውን ያነሣል፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ሰይፉን ያዘገያል። ይህን ምልክት ማንበብ የጨዋታው ፊደል ነው።

ሦስተኛው የሞት ዋጋ ነው። በ“ዳርክ ሶልስ” ጠላትን በማሸነፍ የሚሰበሰቡት “ነፍሳት” ገንዘብም የዕድገት መክፈያም ናቸው። ተጫዋቹ ሲሞት በእጁ ያሉት ሁሉ በወደቀበት ቦታ ይቀራሉ። ተመልሶ የማንሣት አንድ ዕድል ይሰጠዋል፤ በመንገድ ላይ ዳግመኛ ከሞተ ግን ለዘለዓለም ያጣቸዋል። አራተኛው የእረፍት ደንብ ነው። በሚነድደው እሳት አጠገብ የተቀመጠ ተጫዋች ጤናው ይመለሳል፣ የመድኃኒት ጠርሙሱም ይሞላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የገደላቸው ጠላቶች ተነሥተው በየቦታቸው ይቆማሉ። ስለዚህ ማረፍም ውሳኔ ነው፤ ወደፊት መግፋትም ውሳኔ ነው።

እነዚህ ደንቦች ሲደመሩ ሽንፈት ወደ ትምህርት ይለወጣል። ተጫዋቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጭራቅ ፊት ሲቆም ከየት እንደተመታ እንኳ አያውቅም። በሦስተኛው ሙከራ የዝላዩን ምልክት ይለያል። በአሥረኛው ከዝላዩ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ የመምታት ፋታ እንዳለ ይረዳል። በመጨረሻ ሲያሸንፍ የገጸ ባሕርዩ ደረጃ እንደ ነበረ ሊኾን ይችላል፤ ያደገው የተጫዋቹ ዓይን እና እጅ ነው። የዚህ ዘርፍ ወዳጆች ከሌሎች ጨዋታዎች አስበልጠው የሚወዱት ይህንኑ ነው፤ ድሉን የሰጣቸው ማንም እንዳልኾነ ያውቃሉ።

የጨዋታ ተመራማሪው ጄስፐር ዩል በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን እንደ ተቃርኖ አንሥተውታል። ሰው በአጠቃላይ ውድቀትን ይሸሻል፤ ጨዋታ ሲመርጥ ግን የሚወድቅበትን ይፈልጋል። የሥነ ልቦና ምሁሩ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይም ቀደም ብለው እንዳስረዱት አንድ ሰው ሙሉ በሙሉ በሥራው የሚመሰጠው ፈተናው ከችሎታው ጋር ሲመጣጠን ነው። ፈተናው ካነሰ ይሰለቻል፤ ከበዛም ይጨነቃል። አስቸጋሪ ጨዋታ የሚሠራ ሰው በእነዚህ ሁለት ገደሎች መካከል ባለ ጠባብ መንገድ ይሄዳል።

ከባድ ሁሉ ፍትሐዊ አይደለም

በተጫዋቾች ዘንድ “ከባድ” እና “ኢፍትሐዊ” የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። ፍትሐዊ የሚባለው ፈተና የወደቀው ሰው “ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በሚቀጥለው ይህን አደርጋለሁ” ማለት ሲችል ነው። ተጫዋቹ የማያየው ነገር ከገደለው ወይም ወደ ፍልሚያው ለመመለስ በእያንዳንዱ ጊዜ ረጅም መንገድ መሮጥ ካለበት፣ ድካሙ ዕውቀት አይጨምርለትም።

የፍሮምሶፍትዌር ሥራዎችም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይደሉም። በ“ዳርክ ሶልስ” ውስጥ “ቤድ ኦፍ ኬኦስ” የተሰኘው ፍልሚያ መሬቱ በድንገት እየተደረመሰ ተጫዋቹን ወደ ጉድጓድ ስለሚጥል በጨዋታው አድናቂዎች ሳይቀር ይነቀፋል። “ብላይትታውን” በተባለው ረግረጋማ ክፍልም በመጀመሪያዎቹ ኮንሶሎች ላይ ምስሉ እየተንቀረፈፈ ያስቸግር ነበር። ከሰይፍ ይልቅ የመሣሪያው ድክመት ሲገድል አስቸጋሪነቱ ክብሩን ያጣል።

ቀላል አማራጭ ይጨመር ወይስ አይጨመር?

ክርክሩ የተጋጋለው “ሴኪሮ” በ2019 ሲወጣ ነው። ጨዋታው የማቅለያ ምርጫ የለውም፤ ከሌሎች ተጫዋቾች እርዳታ የሚጠይቁበት መንገድም የለውም። ሚያዛኪ ምርጫውን ያላስገቡበትን ምክንያት ሲያስረዱ ሁሉም ተጫዋች በአንድ ዓይነት ፈተና አልፎ በአንድ ዓይነት ተሞክሮ ላይ እንዲነጋገር መፈለጋቸውን ገልጸዋል።

በሌላ ወገን ያሉት ደግሞ አንድ ዓይነት ፈተና ለሁሉም አንድ ዓይነት ክብደት እንደሌለው ያስረዳሉ። ጣቶቹ እንደ ልብ የማይታዘዙለት ሰው፣ ዐይኑ የደከመ ሰው ወይም ሕፃን እያሳደገ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ሰው ከሌላው ተጫዋች ጋር በእኩል መነሻ ላይ አይቆምም። በ“ኤልደን ሪንግ” እንኳ በብዙ ጨዋታዎች የተለመደው የማቆሚያ ቁልፍ የለም። ጨዋታን ለአፍታ አቁሞ ለልጅ ጥሪ መነሣት ደግሞ ከጀግንነት ጋር አይያያዝም።

ሁለቱን ሐሳቦች ያስታረቁ ሥራዎች አሉ። በ2018 በካናዳ የተሠራው “ሴሌስት” ተራራ ስለምትወጣ ወጣት የሚተርክ እጅግ ከባድ የዝላይ ጨዋታ ነው። ሆኖም የጨዋታውን ፍጥነት ለመቀነስ ወይም የመውጫ ጉልበትን ገደብ ለማንሣት የሚያስችል የእገዛ ምርጫ አለው። ይህ ምርጫ መኖሩ ሳይጠቀሙበት ተራራውን የወጡትን ድል አልቀነሰም። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ለአካል ጉዳተኞች የሚስማማ መቆጣጠሪያ ለገበያ አቅርቧል።

“ኤልደን ሪንግ” ደግሞ የማቅለያ ቁልፍ ሳይጨምር ሌላ መንገድ መረጠ። ዓለሙን ክፍት አደረገ። ማርጊት የተባለው የመጀመሪያው ታላቅ ባላጋራ መንገድ ሲዘጋበት ተጫዋቹ ፈረሱን አዙሮ ሌላ አገር ማሰስ፣ በርትቶም መመለስ ይችላል። አጋር መናፍስትን ወይም ሌሎች ተጫዋቾችን መጥራትም ተፈቅዶለታል። በሰኔ 2024 የወጣው ተጨማሪ ክፍል ከብዷል የሚል ቅሬታ ሲበዛም ኩባንያው በቀናት ውስጥ በክፍሉ መጀመሪያ የሚገኘውን የብርታት ዕድገት ከፍ የሚያደርግ ማሻሻያ አውጥቷል። አስቸጋሪነት በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ሕግ ሳይኾን የሚስተካከል ልኬት መኾኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ብቻን የማይወጡት አቀበት

እነዚህ ጨዋታዎች ብቸኝነት የነገሠባቸው ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን መረዳዳት አለ። ሚያዛኪ የሐሳቡን መነሻ ሲናገሩ በአንድ የበረዶ ቀን መኪኖች አቀበት ላይ ቆመው ሳለ ከኋላ ያለው የፊተኛውን እየገፋ ሁሉም መውጣታቸውን ያስታውሳሉ። የገፋቸውን ሰው ቆመው ለማመስገን ዕድል አላገኙም። ከዚያ ተሞክሮ በመነሣት ተጫዋቾች መሬት ላይ አጭር መልእክት የሚተውበት፣ ለማያውቁት ሰው በፍልሚያ ደርሰው የሚሰወሩበት ሥርዓት ተፈጠረ።

በ2022 በቅጽል ስሙ “ብቻዬን ልግጠማት” ተብሎ የታወቀ አንድ ተጫዋች ራሱ ላይ ማሰሮ ደፍቶ፣ ከጨዋታው እጅግ ከባድ ባላጋራዎች አንዷ ከኾነችው ማሌኒያ ጋር ሌሎችን ወክሎ እየተፋለመ ብዙዎችን አሻግሯል። እርሱም ቢኾን ይህን ችሎታ ያገኘው በእርሷ እጅ ደጋግሞ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የጨዋታው አሳታሚ ለክብሩ እውነተኛ ሰይፍ ልኮለታል።

ልኩን ማወቅ

ጽናት መልካም ቢኾንም ድንበር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የጸደቀው እና ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው የጨዋታ ሱስን አካትቷል። መለያው የጨዋታው ዓይነት ወይም ክብደት አይደለም። አንድ ሰው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌሎች የሕይወት ጉዳዮች ሲያስቀድመው እና ጉዳቱን እያየ ሲቀጥልበት ነው፤ ይህም ዘወትር ቢያንስ ለ12 ወራት መታየት ይኖርበታል። “አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክር” የሚያሰኙ ጨዋታዎች ሌሊቱን በቀላሉ ስለሚበሉ ተጫዋቹ ሰዓቱን አስቀድሞ መወሰኑ ብልኅነት ነው። ለወላጅም ልጁ ስንት ጊዜ ተሸነፈ ከሚለው ይልቅ ከተሸነፈ በኋላ መዝጋት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የበለጠ ይነግረዋል።

አስቸጋሪ ጨዋታ የሚመዘነው ስንት ሰው እንደጣለ በመቁጠር አይደለም። የወደቀው ሰው ለምን እንደወደቀ ማወቁ፣ ለመነሣትም መንገድ ማግኘቱ ነው መለኪያው። ይህን ያሟላ ፈተና ተጫዋቹን ያከብረዋል፤ ትችላለህ ብሎ ያምንበታልና። ይህን ያላሟላው ግን ምንም ያህል ቢከብድ ከማድከም በቀር የሚያስተምረው የለም።