«ሚዛኑ ይደገምልን» ብሎ መጻፍ

በቡታጅራ ገበያ በርበሬ የያዘ ሰው ሚዛኑን ካላመነ ምን ይላል? «እዚሁ ዓይኔ እያየ ድገምልኝ» ይላል። የምርጫ ቆጠራን ያላመነ ሰውስ?

ይህን ጥያቄ ያነሡት የማታ ተማሪያችን የሆኑ አንድ አባት ናቸው። «ልጆቼ፣ በ1997 ምርጫ ማግስት በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቆሜ አይቼዋለሁ። ምን ያደርጋል፣ ቁጥሩን አላነበብኩትም። ሰው የነገረኝን ይዤ ተናደድኩ» አሉን። ክፍሉ ጸጥ አለ።

የዚያ ዓመት ምርጫ ግንቦት 7 ቀን ተደረገ። ውጤቱ አጣላ። ፓርቲዎች አቤቱታ አቀረቡ፤ ምርጫ ቦርድ መረመረ፤ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ። ጠቡ ግን በዚህ አልበረደም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ምክር ቤቱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አረጋገጠ።

እንግዲህ ለእንደራሴ እንጻፍ ስንል አንድ ነገር እንወቅ። እንደራሴው ድምፅ አይቆጥርም፤ ውጤትም አይሽርም። አቤቱታ መጀመሪያ የሚቀርበው እዚያው ለምርጫው አስፈጻሚዎች ነው፤ ከዚያ ወደ ምርጫ ቦርድ፣ ከቦርዱ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቀኑ አጭር ስለሆነ መዘግየት አይገባም። ታዲያ እንደራሴው ምን ይሠራል? ምርጫ ቦርድ ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ እንደራሴው «የእነዚህ ሰዎች አቤቱታ የት ደረሰ?» ብሎ ቦርዱን መጠየቅ ይችላል።

«ኧረ አሸነፈ የተባለው እሱ ራሱ ቢሆንስ?» አሉ አንዲት እናት። ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል። ለሌላ አባል መጻፍም ይቻላል።

አባታችን ደብዳቤውን ለልምምድ ጻፉ። የመጀመሪያው ገጽ «ተበደልን፣ ተዘረፍን» በሚል ቃል ተሞላ። እኛም ጠየቅናቸው፦ የትኛው ጣቢያ? በስንት ቀን? ወረቀቱ ላይ ስንት ተጻፈ? በዓይንዎ ያዩትን «አየሁ»፣ ከሰው የሰሙትን «ሰማሁ» ብለው ይለዩ። ማንን እንደመረጡ ግን አይጻፉ፤ ድምፅ ምስጢር ነው። (ይህን ለመምህራችሁም አትንገሩ!) ቀንና ፊርማ ይኑረው። አንድ ቅጂ ቤት ይቅር።

ሁለተኛው ደብዳቤ ስድስት መስመር ብቻ ሆነ። አባታችን እርሳሱን አስቀምጠው፣ «በሉ አሁን ቁጥር ጻፉልኝ፤ ትልልቁን» አሉን። በሰሌዳው ላይ 1,347 ብለን ጻፍን። ጣታቸውን ከቁጥር ወደ ቁጥር እያሳለፉ፣ «አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሰባት» ብለው አነበቡ። «ሌላ ጨምሩ» አሉ።