አሮጌ ፒካፕ በአዲስ ዋጋ

አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሲቀላም ይሁን ሴቻ፣ ያገለገለ ደብል ጋቢና ለመግዛት የተነሳ ሰው ከደላላው ጋር ብዙ የሚነጋገረው ስለ ሞዴሉ፣ ስለ ሰሌዳውና ስለ ሊብሬው ነው። የሞተሩ ነገር «ያልተነካ ነው» በሚል አንድ ቃል ይታለፋል። ልብ ብሎ ለሚያስብ ይህ ቃል ከማጽናናት ይልቅ ማስደንገጥ ነበረበት። 15 ዓመት ሙሉ አቧራና ዳገት የገፋ ሞተር ማንም ሳይነካው ከቆየ ማንም አልተንከባከበውም ማለት ሊሆን ይችላል። ገዢው ግን በጥርጣሬው ልክ ዋጋ አያስቀንስም፤ ሻጩም አይቀንስም። ይህ የሆነው ሰዎች ስለ መኪና ስለማያውቁ አይመስለኝም። የአሮጌ ፒካፕ ዋጋ ከመኪናው ጤና ጋር ከተለያየ ቆይቷል፤ ልዩነቱንም በጥገና የሚከፍለው የመጨረሻው ገዢ ነው።

መለያየቱ ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ የሚገባ ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲከብድ አደረገ። በጥቅምት 2015 አውቶሞቢልን ጨምሮ 38 ዓይነት ሸቀጦች ከባንክ የውጭ ምንዛሬ እንዳያገኙ ታገዱ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሬ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ምክንያት ነበረው። ተደማምረው ግን አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ሁሉ ቆሞም የሚወደድ ንብረት አደረጉት። ዘይት በወቅቱ የቀየረውም ያልቀየረውም እኩል አተረፉ። ቸልታ የማያስቀጣበት ገበያ ደግሞ ቸልታን ያበዛል።

መለዋወጫው ግን ይህን ውለታ አያውቅም። ከውጭ 500 ዶላር የሚገዛ አንድ ሙሉ ኢንጀክተር፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር፣ በ57 ብር ሲታሰብ 28,500 ብር ነበር፤ በ130 ሲታሰብ 65,000 ብር ነው። አርባ ምንጭ ያልተገኘ ዕቃ ከ400 ኪሎሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይመጣል። ኦርጅናል ነው ተብሎ የተላከው ኮፒ ሆኖ ከተገኘ መልሶ መላኩ ራሱ ሌላ ወጪ ነው።

በጋሞ ዞን ፒካፕን ቶሎ የሚገድለው ምን እንደሆነ ለማወቅ የጨንቻን ዳገት ማየት ይበቃል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 37 ኪሎሜትር የምትርቀው ጨንቻ ከ2,700 ሜትር በላይ። ጭነት የያዘ መኪና ከአባያ ሐይቅ ዳር ሙቀት ተነስቶ በከባድ ማርሽ እየጮኸ 1,400 ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህም ሞተሩ በደህና ጊዜው ከሚሠራበት ሙቀት ብዙ አይርቅም። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን አምቆ የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎሚኒ ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው ይንተከተካል፣ ሾፌሩም በኩላንት ፋንታ ያገኘውን ውሃ ይሞላል። ውሃው ዝገትና ደለል ያመጣል፤ ደለሉ ራዲያተሩን ይደፍናል። ቀጥሎ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፣ ከባሰም ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። አሮጌዎቹ የሃይሉክስ 2ኤል ናፍጣ ሞተሮች በዚህ ስማቸው የታወቀ ነው። ሰንሰለቱ ሁሉ የሚጀምረው ከመኪናው ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ከሆነው ክዳን ነው።

በኋላ የመጣው የሃይሉክስ ናፍጣ ሞተር፣ የዲፎርዲው፣ በሽታ ሌላ ነው። ኢንጀክተሮቹ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ውሃና ጥቂት ደለል ይበቃቸዋል። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ይህን ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። ከዚህ የከፋው ግን ከውጭ አይታይም። በኢንጀክተሩ ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ማስተላለፍ ስትጀምር የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ጥላሸቱ እየወፈረ ከካርተሩ ዘይት የሚስበውን ማጣሪያ ይዘጋዋል፤ ሞተሩም ዘይት እያለው ዘይት ይጠማዋል። ካርተሩን አውርዶ ማጣሪያውን ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ አለማየት የሙሉ ሞተር ዋጋ። ታይሚንግ ቺንጋውም እንደዚሁ ነው። እንደ ሞዴሉ በየ100,000 እስከ 150,000 ኪሎሜትር መቀየር አለበት፤ ኪሎሜትሩ ወደ ኋላ በተመለሰ መኪና ግን ጊዜው መቼ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። ሲበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ።

ከሞተሩ ሌላ መታየት ያለበት ሻሲው ነው። በሰሜን አሜሪካ የፒካፕ ትልቁ ጠላት ዝገት ነው፤ በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻሲ ይበላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቶዮታ በታኮማና በቱንድራ ሻሲዎች ምክንያት እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊያስወጣ በሚችል ስምምነት ክስ ዘግቷል። እዚህ ሻሲ የሚሰብረው ጭነት ነው። አንድ ቶን ገደማ ለመሸከም በተሠራ መኪና ላይ ባሌስትራ ተደርቦ ሁለት ቶን ሲጫን፣ የተደረበው ላሜራ ክብደቱን አያጠፋውም፤ ለኩሽኔታው፣ ለፍሬኑና ከጋቢናው ጀርባ ላለው የሻሲ ክፍል ያስረክበዋል። እዚያ ላይ የብየዳ ጠባሳ ከታየ ሌላውን መመርመር ድካም ነው።

«ታዲያ ኤሌክትሮኒክስ የሌለውን የድሮውን ይግዛ» የሚሉ አሉ፤ አባባላቸውም ከእውነት የራቀ አይደለም። ለካምባና ለቦንኬ ወረዳዎች መንገድ ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ፒካፕ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ማንኛውም ደህና መካኒክ ይፈታዋል። ግን ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ዋጋው ቀድሞ ሰማይ ነክቷል፤ ቺንጋና ራዲያተርም አለው። ሌሎች ደግሞ «ቢበላሽም ሲሸጥ ያተርፋል» ይላሉ። ሻጩ በብር የሚያገኘው ትርፍ ግን በምትኩ ሌላ መኪና ሊገዛ ሲወጣ ይተናል፤ ጥገናው የተዘለለ መኪናም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የሆነ ቦታ ላይ ይቆማል።

የኤክሳይዝ ታክሱ ደጋፊዎች አሮጌ መኪና አየር ይበክላል፣ ሰው ይጎዳል ሲሉ ልክ ናቸው። ይሁን እንጂ ታክሱ የሚጠብቀው በሩን ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለውን አይነካም። የኤሌክትሪክ መኪናም ለከተማ ጥሩ መልስ ሊሆን ይችላል፤ ጭነት ይዞ ቦንኬ የሚወጣን ሰው ጥያቄ ግን ገና አልመለሰም። ስለዚህ ሥራው ግቢው ውስጥ መጀመር አለበት። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ፍሬንና መብራት ሊያይ ይችላል፤ ካርተር አውርዶ አያይም። ስም ሲዛወር ግን የሲሊንደር ግፊትና የራዲያተር ግፊት መለካት፣ የቺንጋ ዕድሜ መመዝገብ ቢታከል ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሙያው ባለቤቶች ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪናም በጨረታ ሲሸጥ የጥገና መዝገቡ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጠው። ይህ እስኪሆን ድረስ ምርመራ እምቢ ከሚል ሻጭ ጋር ድርድሩ የሙሉ ሞተር ማደሻ ተቀንሶ መጀመር አለበት።