«ፖር» ሁሉ ወደብ አይደለም፦ የፈረንሳይኛ የማጓጓዣ ሒሳብ፣ እውነት ወይስ ተረት?

ፈረንሳይኛ ከጅቡቲ ሁለት ይፋዊ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በዚያ ወደብ በኩል ዕቃ የሚያስገባ አስመጪ ወይም ትራንዚተር የፈረንሳይኛ ደረሰኝ እጁ ቢገባ አይገርምም። ደረሰኙን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገር ይሆናል፤ ሆኖም ሒሳቡን ሊያፋልስ ይችላል። የማጓጓዣ ቃል ማን እንደሚከፍል፣ እስከ የት እንደሚከፍልና ጉዳት ቢደርስ ኪሳራው የማን እንደሆነ የሚወስን ነውና። በዚህ ዙሪያ በተደጋጋሚ የሚሰሙ አምስት ተረቶችን እንይ።

ተረት 1፦ «ፍሬ ደ ፖር» የወደብ ክፍያ ነው።

እውነት፦ አይደለም። ፈረንሳይኛ «ፖር» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። አንዱ ወደብ ነው፤ ሌላው መሸከም ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ማጓጓዝ ማለት ነው። «ፍሬ ደ ፖር» ሁለተኛው ነው፤ ከሊዮን ወደ ፓሪስ በፖስታ የሚላክ፣ ባሕር የማያይ ጥቅልም ይከፈልበታል። እንግሊዝኛው «ካሪጅ» ወይም «ዴሊቨሪ ቻርጅ» ይለዋል። የወደቡ ክፍያ «ድሯ ደ ፖር» ነው። እንዲሁም «ፖር ፔዬ» ማጓጓዣውን ላኪው ከፍሏል፣ «ፖር ዱ» ደግሞ ተቀባዩ ይከፍላል ማለት ነው፤ በእንግሊዝኛ «ፍሬይት ፕሪፔይድ» እና «ፍሬይት ኮሌክት»።

ተረት 2፦ «ፍራንኮ» ካለ በነጻ ነው።

እውነት፦ እኛ ቃሉን ከ«ፍራንኮ ቫሉታ» እናውቀዋለን፤ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠየቅ ዕቃ ማስገባት ነው። በማጓጓዣ ሰነድ ላይ ግን «ፍራንኮ» ሻጩ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ያለውን ወጪ ችሏል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቦታው ካልተጠቀሰ ትርጉሙ ጎዶሎ ነው። «ፍራንኮ አ ቦር» ኤፍኦቢ ነው፦ ሻጩ ዕቃውን መርከብ ላይ እስኪጭን ይከፍላል፣ የባሕሩን ገዢው። «ፍራንኮ ደ ፖር» ሲባል ማጓጓዣውን የሚችለው ሻጩ ነው። ሁለቱንም «ፍሪ» ብሎ ያለፈ ተርጓሚ የባሕሩን ወጪ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ሌላው ላይ ጫነ።

ተረት 3፦ ሻጩ እስከ ጅቡቲ ከከፈለ፣ እስከ ጅቡቲ የሚደርሰው ጉዳትም የሻጩ ነው።

እውነት፦ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ተረት ይህ ነው። መቀመጫውን ፓሪስ ያደረገው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ኢንኮተርምስ የተባሉትን ደንቦች መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ሲሆን፣ የ2020ው እትም 11 ደንቦች አሉት። ከእነዚህ አንዱ በሆነው በሲአይኤፍ ሻጩ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን እስከ መድረሻው ወደብ ይከፍላል፤ አደጋው ግን ዕቃው መነሻ ወደብ መርከብ ላይ ሲጫን ወደ ገዢው ይሻገራል። ከፈረንሳዩ ወደብ ከለ አቭር በሲአይኤፍ ጅቡቲ የተላከ ማሽን ቀይ ባሕር ላይ ቢጎዳ ኪሳራው የአስመጪው ነው፤ መካሻው ሻጩ የገባለት ኢንሹራንስ ነው። እሱም ሌላ ስምምነት ከሌለ ዝቅተኛው ሽፋን ነው፦ ቃጠሎንና መስጠምን ይሸፍናል፣ ስርቆትን ግን አይሸፍንም።

እዚሁ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። የቆዩ የፈረንሳይኛ ሰነዶች ሲአይኤፍን «ካፍ» ብለው ይጽፉታል፤ መካከል ያለችው «ኣ» ኢንሹራንስን ትወክላለች። ችኩል ተርጓሚ «ሲ ኤንድ ኤፍ» አድርጎ ያነባትና ኢንሹራንሱን ከውሉ ያስወጣዋል።

ተረት 4፦ ቁጥር አይተረጎምም።

እውነት፦ ይተረጎማል። የአንድ ዶላር ቋሚ ምንዛሪ በጅቡቲ ፍራንክ 177.721 ነው። ፈረንሳይኛ ግን ነጥብ በሚገባበት ቦታ ኮማ ስለሚያስገባ 177,721 ብሎ ይጽፈዋል። ኮማዋ እንዳለች ከተገለበጠች እንግሊዝኛ አንባቢው መቶ ሰባ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ሃያ አንድ ብሎ ያነባል። የቶን ታሪፍ 1,250 ተብሎ ሲጻፍም አንድ ከሩብ እንጂ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አይደለም።

ተረት 5፦ ለዘገየ ዕቃ የሚከፈለው ሁሉ ዴመሬጅ ነው።

እውነት፦ ክፍያዎቹ ብዙ ናቸው፣ ተቀባዮቻቸውም ይለያያሉ። «ሱሬስታሪ» ዴመሬጅ ነው፤ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ከነጻ ቀናቱ አልፎ ሲቆይ የመርከብ ድርጅቱ ያስከፍለዋል። «ማጋዚናዥ» የማከማቻ ኪራይ ሲሆን የሚጠይቀው ቦታውን የያዘው ነው። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ባዶው በጊዜ ካልተመለሰ የሚመጣው ደግሞ በእንግሊዝኛ «ዲቴንሽን» ይባላል። ሦስቱን በአንድ ቃል የጠቀለለ ትርጉም አስመጪው አቤቱታውን ለማን እንደሚያቀርብ ያጠፋበታል።

እንዲህ ያለ ሰነድ የሚተረጉም ሰው ከፋዩን፣ ቦታውንና የአደጋውን ባለቤት ለይቶ ይጻፍ። አንዱ እንኳ ከጎደለ ደንበኛውን ይጠይቅ እንጂ አይገምት። ፈረንሳይኛውንም ከእንግሊዝኛው ጎን ይተወው፤ ክርክር ሲነሳ ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል።