ከወረቀት ፋብሪካ እስከ ሕዋስ አስኳል

ፖሊኢቲሊንኢሚን፣ በአጭሩ ፒኢአይ፣ ለሕክምና ተብሎ የተሠራ ነገር አልነበረም። ወረቀት አምራቾች ወረቀቱ ሲረጥብ ቶሎ እንዳይቀደድ፣ ውሃ አጣሪዎች ደግሞ ድፍርሱ ተያይዞ እንዲዘቅጥላቸው ሲጠቀሙበት የኖረ ሰው ሠራሽ ፖሊመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ የሚሠሩት ኬሚስት ዣን ፖል ቤርና ባልደረቦቻቸው ይኸው ኬሚካል ዲኤንኤ ተሸክሞ ሕያው ሕዋስ ውስጥ እንደሚገባ ጽፈው አሳተሙ።

ዲኤንኤን ወደ ሕዋስ ማስገባት ቀላል አይደለም። ዲኤንኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው፤ የሕዋሱ ውጫዊ ገጽም እንዲሁ ኔጋቲቭ ስለሆነ ሁለቱ ይገፋፋሉ። ቁመቱም ሌላ ጣጣ ነው። 5,000 ጥንድ ፊደላት ያሉት ዲኤንኤ ቢዘረጋ 1.7 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ነገር ዝም ብሎ በሽፋኑ አያልፍም። ቫይረሶች ይህን ጥበብ ተክነውታል፤ የጂን ሕክምና ተመራማሪዎችም መጀመሪያ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ እነሱ ነው። ነገር ግን ቫይረስ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ይቆጣል። በ1999 የ18 ዓመቱ አሜሪካዊ ጄሲ ጌልሲንገር በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ሙከራ ጂን የጫነ አዴኖቫይረስ ከተሰጠው በኋላ መሞቱ፣ ከቫይረስ ሌላ አጓጓዥ ለሚፈልጉ ሁሉ ትልቅ መከራከሪያ ሆነ።

የፒኢአይ ምሥጢር ናይትሮጅን ነው። በሰንሰለቱ ላይ ከየሦስቱ አተሞች አንዱ ናይትሮጅን ሲሆን፣ ናይትሮጅኑ ፕሮቶን ሲይዝ ፖዘቲቭ ይሆናል። ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ከእንጨቱ ጭረት ጋር ያጣበቀውም ይኸው ጠባይ ነው። ከዲኤንኤ ጋር ሲቀላቀል፣ የተዘረጋ ፈትል በእንዝርት እንደሚጠቀለል ሁሉ ዲኤንኤውን ሰብስቦ 100 ናኖሜትር አካባቢ ስፋት ያላት ድብልብል ያደርገዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ፖሊመሩ በርከት ካለ ድብልብሏ በጠቅላላው ፖዘቲቭ ስለምትሆን ሕዋሱ ላይ ትለጠፋለች፤ ሕዋሱም ይውጣታል።

መዋጥ ግን መዳን አይደለም። ሕዋሱ የዋጠውን ነገር በትንሽ ከረጢት ይዞ፣ ፕሮቶን እያስገባ ያኮመጥጠዋል፤ በመጨረሻም ይፈጨዋል። የቤር ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ የፒኢአይ ናይትሮጅኖች የገባውን ፕሮቶን ይመጥጡታል፣ ከረጢቱ ማስገባቱን አያቆምም፣ ክሎራይድና ውሃም ይከተላሉ፣ ከረጢቱ አብጦ ይፈነዳል፤ ዲኤንኤው ያመልጣል። «የፕሮቶን ስፖንጅ» የተባለው ይህ ሐሳብ በጣም ያምራል፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ የታመነው ስላማረ ይሆናል። በ2013 የዴንማርክ ተመራማሪዎች የከረጢቶቹን አሲድነት ለክተው ፒኢአይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይተዋል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ዲኤንኤው ሥራውን የሚሠራው አስኳሉ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀጥሎ ደግሞ የአስኳሉ በር አለ። ሕዋስ ሲከፋፈል የአስኳሉ ሽፋን ለጊዜው ስለሚፈርስ፣ ፒኢአይ ቶሎ ቶሎ በሚባዙ ሕዋሶች ላይ ይበልጥ ይቀናዋል።

ጉልበት የሰጠው ቻርጅ ክፉ ጠባዩም ነው። የሕዋስ ሽፋን ይጎዳል፤ ደም ውስጥ ከፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ጂን በማድረስ ይበረታል፤ ሕዋስ በመግደልም እንዲሁ። ስለዚህ ሌሎች ሌላ መንገድ ሞከሩ። በኤምአይቲ ዴቪድ ሊንና ሮበርት ላንገር ሥራውን ሲጨርስ ራሱ የሚፈራርስ ፖሊመር ሠሩ። የካልቴኩ ማርክ ዴቪስ ቡድን ደግሞ ከሳይክሎዴክስትሪን በሠራው ፖሊመር ጂን የሚያፍን አርኤንኤ ለካንሰር ሕሙማን ሰጥቶ፣ መድኃኒቱ ዕጢው ውስጥ እንደሠራ በ2010 አሳተመ። በአርኤንኤ ክትባት በኩል ግን ዝናውን የወሰዱት አርኤንኤውን የሚሸከሙት የስብ ቅንጣቶች ናቸው።

ፒኢአይ ዛሬ ቋሚ ሥራ ያገኘው መጀመሪያ በታሰበው ቦታ አይደለም። ቫይረስን ይተካል የተባለው ፖሊመር አሁን ቫይረስ በማምረት ላይ ነው። ለጂን ሕክምና የሚውለው ኤኤቪ የተባለው ቫይረስ በብዙ ቦታ የሚመረተው፣ ትልልቅ ጋኖች ውስጥ በሚባዙ የሰው ሕዋሶች ነው። ሦስት ዓይነት ክብ ዲኤንኤ ከፒኢአይ ጋር ተቀላቅሎ ይጨመርላቸዋል፤ ሕዋሶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቫይረሱን ይሠራሉ። ከዚያ ቫይረሱ ተለቅሞ ይጣራል፤ የተረፈው ፒኢአይ መወገዱም መርፌው ታማሚው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ይመረመራል።