ስሙ በከንቱ የጠፋው ላክቴት

ጎህ ሲቀድ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ዓባይ ማዶ የደረሰ ሰው፣ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ የሚያቀኑ ሯጮችን አያጣም። ዳገቱን በሩጫ የጀመረ ወጣት እኩሌታው ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ጭኑ እሳት የገባበት ይመስለዋል፤ ጉልበቱን ይዞ ያጎነብሳል። በማግስቱ ደግሞ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ጓደኛው ወዲያው ይመረምረዋል፦ «ላክቲክ አሲድ ነው ባክህ! በማሳጅ ይወጣልሃል።»

ይህን ያልሰማ ስፖርተኛ ያለ አይመስለኝም። ግን ስህተት ነው።

ላክቲክ አሲድ ለቤታችን እንግዳ አይደለም፤ እርጎን የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። በስዊድን ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ሼለ በ1780 እ.ኤ.አ. ከኮመጠጠ ወተት ለይቶ አወጣው፤ ስሙም ወተት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። በደማችንና በጡንቻችን ውስጥ ግን የሚገኘው አሲዱ ሳይሆን ላክቴት የሚባለው መልኩ ነው።

አፈጣጠሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ከበላነው እንጀራ የመጣውን ግሉኮስ መጀመሪያ ለሁለት ይሰብረዋል። ስባሪው ፓይሩቬት ይባላል። ዝግ ብለን ስንራመድ አብዛኛው ፓይሩቬት ማይቶኮንድሪያ ወደተባሉት የሕዋስ ምድጃዎች ገብቶ በኦክስጅን ይነዳል። ዳገቱ ላይ ግን ጡንቻው ኃይል የሚጠይቀው ምድጃዎቹ ከሚያደርሱት ፈጥኖ ነው። ያኔ ፓይሩቬቱ ሃይድሮጂን ተቀብሎ ላክቴት ይሆናል። ይህ ባይሆን ግሉኮስ የመስበሩ ሥራ ራሱ ይቆም ነበር። ላክቴት እንግዲህ ወጣቱን ዳገት ላይ የጣለው ጠላት ሳይሆን፣ እስከዚያ ያደረሰው ረዳት ነው። ጭንን የሚያቃጥለው አብረውት የሚከማቹት ሃይድሮጂን አዮኖችና ሌሎች ነገሮች ናቸው።

ደግሞም ለሯጭ ብቻ አይደለም። እናንተም ይህን እያነበባችሁ ላክቴት እየሠራችሁ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ ስለሌለው ሌላ መንገድ የለውም። በዕረፍት ጊዜ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 1 ሚሊሞል ገደማ ይገኛል። ሙሉ ኃይሉን አውጥቶ በሮጠ ሰው ደም ውስጥ ከ15 ሊያልፍ ይችላል።

ታዲያ ወዴት ይሄዳል? ይበላል! ጣና ላይ የደንገል ታንኳውን የሚቀዝፈውን ሰው ተመልከቱ። የክንዱ ጡንቻ የሠራውን ላክቴት ደም ተቀብሎ ለልቡ ያደርሳል፤ ልብም አንድዶ ይመታበታል። እዚያው ክንዱ ውስጥ አንዱ የጡንቻ ክር የሠራውን ጎረቤቱ ይወስዳል። ቀዛፊው ስለማይቸኩል የሚሠራውና የሚነደው ይመጣጠናል፤ ለሰዓታት መቅዘፍ የሚችለውም ለዚህ ነው። ከላክቴቱ ከፊሉን ደግሞ ጉበት መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ይህ ዑደት በ1947 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ባገኙት ባልና ሚስት በካርልና በገርቲ ኮሪ ስም ይጠራል። ላክቴት ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚዞር ነዳጅ መሆኑን ግን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጥብቆ የተከራከረው አሜሪካዊው ጆርጅ ብሩክስ ነው።

ልምምድም የሚያሠለጥነው ይህንኑ ነው፤ ምድጃዎቹ ይበዛሉ፣ ላክቴቱም ቶሎ ይነዳል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ሩጫ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሴኮንድ ሲቀድም፣ ከ9,900 ሜትር በኋላ ያን የመሰለ እግር የተረፈው ብርታት ብቻ ስላለው አልነበረም።

የማግስቱ ሕመምስ? ላክቴቱ ሩጫው ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ በማግስቱ በማሳጅ የሚወጣ ነገር የለም። ሕመሙ የሚመጣው ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ሲሸከም ጥቃቅን ክሮቹ ስለሚጎዱ ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ የሚሆነው ስንወርድ እንጂ ስንወጣ አይደለም። ስለዚህ ከቤዛዊት ስትመለሱ ቁልቁለቱን ቀስ በሉበት።