የበሩን ፎቶ ማን አነሳው?

እስቲ ስልክዎን ያውጡና ያሉዎትን ፎቶዎች ወደ ኋላ እየገፉ ይመልከቱ። የልደት ኬክ፣ የምርቃት ጋዋን፣ ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር ይፈልጉ። እናትዎ ማክሰኞ ጠዋት ሽንኩርት ሲከትፉ የሚያሳይ ፎቶ አለዎት? የሳሎንዎ መስኮትስ? ከቤትዎ እስከ ታክሲ መያዣው ያለው መንገድስ?

ይህን የምጠይቅዎ ባለሙያ ሆኜ አይደለም። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ካሜራ የማነግተው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ጥያቄውን ያመጣችው እናቴ ናት።

እናቴ ካዛንቺስ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲነሱ የእኛም ግቢ አብሮ ተነሳ። ኮንዶሚኒየም ከገባን ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ማታ፣ “የድሮው በራችን ፎቶ አለሽ አይደል? አባትሽ የሚቀመጥበት?” አለችኝ። “ሞልቶ!” ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ከአራት ሺህ በላይ ፎቶ አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግኩ፤ በሩ የለም። ወንድሜ የተመረቀ ዕለት እዚያው በር ላይ ብዙ ፎቶ ተነስተናል። ግን ያን ቀን በሩንም ግድግዳውንም በዲኮር ጨርቅ ሸፍነነው ነበር። አሮጌው ቤት እንዳይታይብን ብለን! የእኔም ካሜራ እንጦጦንና አደይ አበባን እንጂ በራችንን አያውቅም።

የቆየ ልማድም ያለብን ይመስለኛል። በፊልም ዘመን አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ብቻ ነበር የሚያነሳው፤ ማሳጠቢያውም በገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰው ለብሶና ተኳኩሎ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር። ሽንኩርት ከታፊን ማን ያነሳል? ቢሆንም ከቤተሰብ አልበሞች በተሰበሰቡ ፎቶዎች የተዘጋጀውን “ቪንቴጅ አዲስ አበባ” የተሰኘ መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው፣ ዓይኑ ከለበሱት ሰዎች አልፎ ከኋላቸው ያለውን መኪና፣ ሶፋና አጥር ሲፈልግ ራሱን ያገኘዋል። የከተማችንን መለወጥ በካሜራው የተከታተለው ሚካኤል ፀጋዬም ትምህርቱ ሥዕል ነበር፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ቢሆንበት ነው ወደ ፎቶ የዞረው። ለእኛ በጀ እላለሁ።

እንግዲህ ከቤትዎ ይጀምሩ። የስልክዎን ሌንስ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ብዙው “ካሜራዬ አይጠራም” የሚባለው የጣት ቅባት ነው። ፍላሹን ያጥፉ። አምፖሉንም ያጥፉና መስኮቱን ወይም በሩን ይክፈቱ። ሰውየውን መስኮቱን ከጀርባው አድርገው ካስቀመጡት ፊቱ ይጠቁራል፤ በጎን ሲሆን ግን አንዱ ጉንጭ በርቶ ሌላው ቀስ ብሎ ይደበዝዛል፣ ፊቱ ሕይወት ያገኛል።

የእኛ አገር ትልቁ ፈተና ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት ነው። ካሜራው ነጩን ካየ ፊቱን ያጨልማል፤ ፊቱን ላብራ ሲል ደግሞ ነጠላው ጥለቱ ሳይቀር ባዶ ወረቀት ይመስላል። በአብዛኞቹ ስልኮች ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣትዎ ይንኩ፤ ከዚያ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት የነጠላው ክር እስኪለይ ድረስ ጥቂት ዝቅ ያድርጓት።

የቡናው ጭስ ፎቶ ላይ አልታይ ይልዎታል? ብርሃኑ ከእርስዎ ጀርባ እየመጣ ስለሆነ ነው። ረከቦቱ በእርስዎና በበሩ መካከል እንዲሆን ዞረው ይቀመጡ፤ ከጭሱ ኋላ ጠቆር ያለ ነገር ካለ ደግሞ እጣኑ ሲጠማዘዝ ሳይቀር ይታያል። እንጀራ ሲጋገር አክንባሎው በሚነሳበት ቅጽበት ግን ራቅ ይበሉ፤ እንፋሎቱ ሌንሱን ያለብሰዋል። እኔ ስንቴ ተሞኝቻለሁ!

ወደ ሰፈር ሲወጡ ሩቅ አይሂዱ። ከበርዎ እስከ ዳቦ ቤቱ ይበቃል፤ ግን በየሳምንቱ ይመላለሱበት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል። ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይውጡ። የማምሻው ብርሃን ቶሎ ያልቃልና አይዘናጉ። ክረምትንም አይናቁት፤ ደመናው እንደ መጋረጃ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ የቆርቆሮው አጥርም ኩሬው ውስጥ ተገልብጦ ያገኙታል።

ሰው ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ። አዲሱ ሰፈራችን ጉሊት የሚሸጡ እናት አሉ። “እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?” ስላቸው “ውይ፣ እንዲህ ሆኜ!” ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉና እንደ ወታደር ቀጥ አሉ። አነሳኋቸው። ከዚያ “ሥራዎ ላይ እያሉም ልድገምዎት” ብዬ አስፈቀድኩና ቲማቲሙን ሲደረድሩ ጠበቅኩ። ለእኔ ፎቶ ማለት ሁለተኛው ነው። እሳቸው የወደዱት ግን የመጀመሪያውን ነው፤ ሁለቱንም አሳጥቤ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሊስትሮው ሳይቀር “የእኔስ?” ይለኛል። የሰው ልጅ ያለ ወላጁ ፈቃድ አያንሱ፣ ፌስቡክ ላይም አይለጥፉ። ጥበቃ ካላቸው ሕንፃዎች አጠገብም ካሜራዎን ባያወጡ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ ልበልዎ። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውሃ ይገባዋል። በየወሩ አምስት ፎቶ እንኳ መርጠው ያሳጥቡ፤ ከጀርባውም እንደ ድሮው ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም ይጻፉበት። ስሙ ያልተጻፈበት ፎቶ ከሁለት ትውልድ በኋላ “ይኼ ደግሞ ማነው?” ይባላል።

በራችንን አገኘነው? ግማሹን። የድሮ ጎረቤታችን አልበማቸውን ሲያገላብጡ ልጃቸው ብስክሌት ሲለማመድ የተነሳ ፎቶ አገኙና ላኩልን። ከልጁ ኋላ የበራችን አንዱ መዝጊያ ይታያል። ጠርዙ ላይ፣ ደብዘዝ ብሎ፣ አንድ ጉልበትና የተዘረጋ ጋዜጣ አለ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ቆየች። “ጉልበቱ ነው” አለች። ትንሽ ቆይታ፣ “ያንን ሱሪ ጣለው እያልኩት...” ብላ ሳቀች።

ፎቶው አሁን ቡፌው ላይ ቆሟል። እሷም ተምራለች። ትናንት ከኮሪደሩ ጠርታኝ፣ “እሁድ እዚህ ከጎረቤቶቹ ጋር በርበሬ እናሰጣለን፤ ያን ካሜራሽን ይዘሽ እንዳትጠፊ” አለችኝ።