የቡጢኛ ጉልበት ከየት ይመጣል?

በዳንግላ ማታ ማታ ፊደል ስናስተምር ከነበረው ክፍል ደጃፍ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተጣሉ። አንደኛው ክንደ ወፍራም፣ ሁለተኛው ቀጭን ነው። ወፍራሙ ሦስት ጊዜ ሰነዘረ፤ ሦስቱንም ሳተ። ቀጭኑ አንድም ጊዜ እጁን አልሰነዘረም፤ ዞር፣ ጎንበስ ብቻ ይል ነበር። ወዲያው ወፍራሙ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለና ቆመ። ሮጠን ገላገልናቸው።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ጉልበተኛው እንዴት ተሸነፈ?» እውነቱን ለመናገር እኛም ቡጢኛ ማለት ጉልበተኛ ማለት ይመስለን ነበር። መልሱን የጀመሩልን አንድ አዛውንት ተማሪ ናቸው። «ልጆቼ፣ ጉግስ አይታችሁ አታውቁም እንዴ?» አሉን።

በአዊ ጉግስን የማያውቅ የለም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ይከበራል። በጉግስ ጨዋታ አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል። ተሳዳጁ በጋሻ ይመክታል፤ ወይም በኮርቻው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ብዙው ሰው የሚያጨበጭበው ለወርዋሪው ነው። አዋቂ ግን የሚያመሰግነው ዘንጉን ያሳለፈውን ነው።

ቡጢም እንዲሁ ነው። ተመልካች የሚያየው እጅን ነው። የጥሩ ቡጢኛ ሙያ ግን በአብዛኛው ከማይታየው ቦታ ይገኛል። እንግዲህ አንድ በአንድ እንመልከተው።

መጀመሪያ እግር ነው። የቡጢ ኃይል ከክንድ ብቻ አይመጣም። የኋላ እግር መሬቱን ይገፋል፤ ዳሌ ይዞራል፤ ትከሻ ይከተላል፤ እጅ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። እንጨት የሚፈልጥ ሰው ይህን ያውቃል፤ እግሩ ካልጸና ምሳሩ አይገባለትም። ደግሞም ከሚመጣው ቡጢ የሚያወጣው እግር ነው። አንድ እርምጃ ወደ ጎን የሄደ ሰው ሳይመታ ይቀራል።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ጀማሪ ቡጢ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ወይም እጁን እጁን ያያል። የለመደው ግን የተጋጣሚውን ደረትና ትከሻ ያያል። ለምን ቢሉ፣ ትከሻ ከእጅ ቀድሞ ይንቀሳቀሳልና።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። በኦሎምፒክ የቡጢ ግጥሚያ ሦስት ዙር አለ፤ አንዱ ዙር 3 ደቂቃ ነው። 3 ደቂቃ ለተቀመጠ ሰው ምንም አይደለም፤ ለሚማታ ሰው ግን ረጅም ነው። ጀማሪ ሲመታ ትንፋሹን ይይዛል፤ ስለዚህ ቶሎ ይደክማል። አዋቂው በሰነዘረ ቁጥር አጠር አድርጎ ያስወጣል።

አራተኛውና ዋናው ትዕግሥት ነው። የተቆጣ ሰው ጡንቻውን ያጠብቃል። የጠበቀ ጡንቻ ደግሞ ይዘገያል፤ ቶሎም ይዝላል። የኛ ወፍራም ጎረምሳ የተሸነፈው በዚህ ነው።

ለዚህ ትልቅ ምስክር አለን። ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ሙሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን ኪንሻሳ ላይ ተጋጠሙ። ፎርማን የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከዚያ በፊት ተጋጥሞ 40 ጊዜ አሸንፏል፤ አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። አሊ 32 ዓመቱ ነበር። አሊ ምን አደረገ? ገመዱን ተደግፎ፣ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ጠበቀ። ፎርማን መታ፣ መታ፣ ደከመ። በስምንተኛው ዙር አሊ ጣለው። ያሸነፈው ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥትና ብልሃት ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። መከታም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። አሊ በኋላ ዘመኑ ሰውነትን በሚያንቀጠቅጥ በሽታ ተይዞ ብዙ ዓመት ኖረና በ2008 ዓ.ም. አረፈ። በጭንቅላት ላይ ደጋግሞ የሚያርፍ ቡጢ አንጎልን እንደሚጎዳ ዛሬ ሐኪሞች ያውቃሉ። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ሙያ መምታት አይደለም፤ አለመመታት ነው።

በአገራችንም የቡጢ ስፖርት የቆየ ነው። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ የኢትዮጵያ ቡጢኞች ተሰልፈዋል። ቡጢ መማር የሚፈልግ ጎረምሳ ካለ፣ ጓንት፣ አሠልጣኝና ዳኛ ባለበት ይማር። መንገድ ላይ ግን ዳኛ የለም፤ የወደቀ ሰው ጭንቅላቱ የሚያርፈው ድንጋይ ላይ ነው።

ይህን ባስረዳን ማታ ወፍራሙ ጎረምሳ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና፣ «ታዲያ እኔ ከየት ልጀምር?» አለ። አዛውንቱ ቀደሙን። «ካለመቆጣት ጀምር ልጄ፤ እሱ ጓንትም አያስፈልገው» አሉት። ክፍሉ ሳቀ፤ ቀጭኑም ሳቀ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ።